የታሸገ የሱፍ ዱቄት፦ ለሙቀቱ ቅዳሜና እሁድ ያዋጣል?

ሁዳዴ የሚውለው ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት ነው። ቤተሰብ ይዞ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሶደሬ ለሚወርድ ሰው በዚያ ሙቀት ከሰል አያይዞ ሽሮ ማንተክተክ ቅጣት ነው። ምጣድም ድስትም የማይፈልግ፣ ቀዝቃዛ፣ ጾመኛውንም ልጆቹንም የሚያስማማ ምሳ ከተፈለገ ሱፍ ፍትፍትን የሚያህል የለም። ጣጣው ሥራው ነው፤ መልቀም፣ ማጠብ፣ መቀቀል፣ መፍጨት፣ ማጥለል። ዱቄቱ ታሽጎ የሚሸጠውም ይህን ድካም ለመቀነስ ነው።

ገበያ ላይ ያለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከነገለባው የተፈጨ ነው፤ ግራጫ ይመስላል፣ በጣት ሲታሽ ይሻክራል። ሌላው ገለባው ተነፍቶ የወጣለት ነው፤ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው፣ ዋጋውም ወደድ ይላል። ከሱፍ ፍሬ ክብደት ከሲሶ የማያንሰው ገለባ ስለሆነ ርካሹ ያን ያህል ርካሽ አይደለም። ለመንገድ የተነፋው ይሻላል።

ከዋጋው በፊት ግን የተፈጨበትን ቀን እዩ። ሱፍ ዘይታም ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ወራት ይቆያል፤ ከተፈጨ በኋላ ዘይቱ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበላሻል። የከረመ ዘይት የሚሸት፣ ሲቀምሱት ጉሮሮ የሚከረክር ዱቄት በዝንጅብልም በቃሪያም አይሸፈንም። የወረቀት ማሸጊያው ወዝ ጠጥቶ ከታየ ይቅርባችሁ።

ለ6 ሰው፦ 2 ብርጭቆ ዱቄት፣ 6 ብርጭቆ ውሃ፣ 4 እንጀራ፣ 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ቃሪያ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ይያዛል። ዱቄቱ በ2 ብርጭቆ ሙቅ ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፍና በእጅ ደህና አድርጎ ይታሻል፤ የሱፉን ወተት የሚያወጣው ሙቀቱና ማሸቱ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የበጠበጠ ሰው የሚያገኘው እጥበት የመሰለ ቀጭን ውሃ ነው፣ ከዚያም ዱቄቱን ይወቅሳል። ቀጥሎ 3 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ተጨምሮ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። የሻይ ማጥለያ ደቃቁን ገለባ ያሳልፋል፣ ልጆች ያስላቸዋል። በቀረው 1 ብርጭቆ አተላው እንደገና ታሽቶ ይጨመቃል። ዝንጅብሉ ተፍቆ ጭማቂው፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ደቀቅ ብለው ተከትፈው፣ ከጨው ጋር ይገባሉ። ሎሚ የሚወድ በየሳህኑ ይጨምቅ፤ ወተቱ ውስጥ በብዛት ከገባ ይቋጥረዋል።

እንጀራው የሚቆረሰው ሰዉ እጁን ሲታጠብ ነው። ቀድሞ ከገባ ገንፎ ይሆናል። ያደረ እንጀራ ከትኩሱ ይሻላል፣ ቶሎ አይሟሽሽም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው፦ ከአዲስ አበባ በጥብጦ በጀሪካን ይዞ መውረድ። ሽንኩርት የገባበት የሱፍ ወተት የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት ምሳ ሳይደርስ መጎምዘዝ ይጀምራል። የዱቄቱ ትልቁ ጥቅም ደረቁን ተሸክሞ ሄዶ እዚያው መበጥበጥ መቻሉ ነው፤ ገንዘቡ የሚካካሰውም በዚህ ነው። ፍትፍቱ ከዚያ በኋላ እሳት ስለማያይ ውሃው የታሸገ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

ቤት ለሚበላ ሰው ፍሬውን ገዝቶ፣ ቀቅሎ፣ በብሌንደር መምታት ይበልጣል፤ ጣዕሙም አይወዳደርም። ታዲያ ፍሬ ስትገዙ ነጩን የአገር ሱፍ ነው፣ የፈረንጁን አይደለም። በሶ ከዚህም ይቀላል፣ ማጥለል የለበትም፤ ግን የልጆች መክሰስ እንጂ ምሳ አይሆንም። ተልባ ደግሞ በተቀመጠ ቁጥር ይዝለገለጋል፣ ስለዚህ ውሃ እየጨመሩ ማቅጠን ነው።

የተከፈተው ዱቄት አየሩ ወጥቶ፣ በደንብ ታስሮ ማቀዝቀዣ ይግባ። ኩሽና መደርደሪያ ላይ ከተተወ ለሚቀጥለው ጉዞ አይደርስም።