የጋብቻና የቤተሰብ አማካሪ ፈቃድ፦ ካሊፎርኒያ ወይስ ቴክሳስ?

አሜሪካ ውስጥ የባልና ሚስት ጠብ በአስተርጓሚ ሲቀርብ ያሳዝነኛል። ሚስት «አኩርፎኛል» ስትል ቃሉ እንግሊዝኛ እስኪሆን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። በአማርኛ የሚያማክር ባለፈቃድ ባለሙያ በብርቱ ያስፈልገናል፤ ለሙያው የተነሣ ሰው ግን አስቀድሞ የግዛቱን ደንብ ይመልከት።

ሁለቱም ግዛቶች የማስተርስ ዲግሪና በተቆጣጣሪ ሥር የተሠራ 3,000 ሰዓት ይጠይቃሉ። ካሊፎርኒያ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1,750ው በቀጥታ በማማከር እንዲያልፍ፣ ከእሱም 500ው ከጥንዶች፣ ከቤተሰብ ወይም ከልጆች ጋር እንዲሆን ያዝዛል። ቴክሳስ ለቀጥታ ማማከር የሚጠይቀው 1,500 ሰዓት ነው። ካሊፎርኒያ ከምረቃ በፊት ከተሠራው እስከ 1,300 ሰዓት ድረስ ይቆጥራል፤ ልጅ እያሳደገ ለሚማር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

በፈተናው በኩል ቴክሳስን እመርጣለሁ። ብዙ ግዛቶች የሚቀበሉትን ብሔራዊ ፈተና ስለሚጠቀም ኋላ ወደ ሌላ ግዛት መዛወር ይቀላል። ካሊፎርኒያ ግን ለዓመታት የራሱን ክሊኒካዊ ፈተና ሲሰጥ ኖሯል። የሕግና የሥነ ምግባር ፈተና በሁለቱም ዘንድ አለ።

አንድ ነገር ግን አይረሳ፦ ፈቃዱ የሚከተለው ደንበኛው ያለበትን ቦታ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ሰፈር ቢሮ የከፈተ አማካሪ ዳላስ ያሉ ጥንዶችን በቪዲዮ ለማማከር በመርህ ደረጃ የቴክሳስን ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል።