አልፋ አሚሌዝ ወይስ ቤታ አሚሌዝ?

ሁለቱም ኢንዛይሞች ናቸው፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች። ሁለቱም ስታርችን፣ ማለትም ግሉኮስ ከሚባል ቀላል ስኳር የተቀጣጠለውን ረጅም ሰንሰለት፣ ይቆርጣሉ፣ አቆራረጣቸው ግን ለየቅል ነው። አልፋ አሚሌዝ ረጅሙን ሰንሰለት መሀል ለመሀል እየገባ ባገኘበት ይበጥሰዋል። ተቀቅሎ የወፈረ ስታርች ላይ ትንሽ ምራቅ ጠብ አድርጋችሁ ብታማስሉት ብዙም ሳይቆይ ውሃ ውሃ የሚለው ለዚህ ነው፤ ምራቃችን ውስጥ ያለው እሱ ነዋ።

ቤታ አሚሌዝ ከጫፍ ይጀምርና ሁለት ሁለት ግሉኮስ፣ ማለትም ማልቶስ፣ እየቆነጠረ ይሄዳል። የሰው አካል አይሠራውም፤ በዕፅዋትና በአንዳንድ ባክቴሪያዎች ውስጥ ነው የሚገኘው። ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ ካወጣበት ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አልፋም ቅርንጫፉን አይፈታውም፣ ግን ዘሎት ከወዲያ ማዶ ይቀጥላል።

ለፍጥነት እኔ አልፋን አስቀድማለሁ። ማልቶስ ብቻ ከተፈለገ ቤታን የሚያህል የለም። አብረው ሲሠሩማ በጣም ያምራል፦ አልፋ በቆረጠ ቁጥር ለቤታ አዲስ ጫፍ ይከፍትለታል።