ለአክሱም ሐውልት ሞዴል፦ ካርቶን ወይስ ሙጫ የጠጣ ጋዜጣ?

ከሮም ተመልሶ በ2008 እ.ኤ.አ. ዳግም የቆመው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። ልጅዎ ለትምህርት ቤት አሥር ጊዜ አሳንሶ ቢሠራው እንኳ 2 ሜትር ከ40 ይሆናል፤ በተራ የቤት በር ቆሞ አያልፍም። ለዚህ ሥራ የማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ማሸጊያ ካርቶን ይበልጣል። ሐውልቱ ገጹ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ ማጠፍ ይበቃል፤ በሦስት ክፍል ተሠርቶ ትምህርት ቤት ውስጥ ይገጣጠማል። በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን የሐሰት በርና መስኮቶች ልጁ ራሱ ሥሎ ይለጥፍ። ወላጅ ምላጩን ይያዝ እንጂ እርሳሱን አይንጠቅ!

በዱቄት ሙጫ የተነከረ ጋዜጣ ለክብ አናቱ ያምራል። ነገር ግን ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፣ ዝናብ ከበዛ ይሻግታል፣ ክብደትም ይጨምራል። ሥራው ተራራ ወይም ሉል ቢሆን ግን ያለ ክርክር እሱን እመርጥ ነበር።

በየትኛውም ቢሠራ ከሥሩ አሸዋ የሞላ ከረጢት ይግባበት።