አሮጌ መስፍ የምትገዙ፣ እኚህን አባት ሳታማክሩ ብር እንዳታወጡ

ወገኖቼ፣ ዝም ማለት ነውር ስለሆነብኝ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠራበት ትንሽ ቤት ከፍቷል። ወናፉም ጉጠቱም ተሟልቶ የቀረው መስፍ፣ ማለትም የጋለ ብረት ተጭኖ የሚቀጠቀጥበት ከባድ ብረት ነበር። አዲሱ አይቀመስም፤ አሮጌ ፍለጋ ገባን።

መጀመሪያ የሸጡልንን ሰዎች ስም አልጠራም፤ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ መስፍ "ኦርጅናል ነው" ብለው ማሉልን። ብዙም ሳይሠራበት ጠርዙ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈር ጀመር። ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ ስንጥቅና የብየዳ ጥርቅም ወጣ። ልንመልስ ብንሄድ "አይታችሁ ነው የገዛችሁት" አሉን። ይባስ ብለው ወንድሜን "ቀጥቃጭ" እያሉ ሳቁበት። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዛሬም ያው ነን።

በዚህ ተቃጥለን ሳለ ነው ጎረቤታችን ከእኚህ አባት ጋር ያገናኙን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእሳት ፊት ያልተለዩ ሰው ናቸው። ሥራቸውን ትተው ምናለሽ ተራ አብረውን ዞሩ። ኪሳቸው ውስጥ የኩሽኔታ ኳስና ትንሽ መዶሻ አለ። ኳሷን መስፉ ላይ ይለቋታል፤ ካልነጠረች ነጋዴው ምንም ቢምል ጥለውት ያልፋሉ። ቀለም የተቀባውንማ ዞር ብለውም አያዩትም። ሌላ ብዙ ነገር መረመሩ፣ ዝርዝሩ አልገባኝም።

በመጨረሻ ከቁርጥራጭ ክምር ሥር ዝገት የበላው አንድ መስፍ አስወጡ። ኳሷ ወደ እጃቸው ልትመለስ ምንም አልቀራት። ነጋዴው "ከመቶ ኪሎ በላይ ነው" ብሎ በኪሎ ሊሸጥልን ተነሣ። እሳቸው ጎኑን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው 1፣ 2፣ 10 የሚሉ ቁጥሮች አሳዩን። የእንግሊዝ መስፍ ነው፣ የመጀመሪያው ቁጥር በ112፣ ሁለተኛው በ28 ይባዛል፣ ሦስተኛው እንዳለ ይደመራል፣ ድምሩ ፓውንድ ነው አሉን። "178 ፓውንድ፤ 81 ኪሎ ቢሞላ ነው" አሉ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 80 ሆነ! ነጋዴው ቃል አልወጣውም።

ከዚያ መዶሻቸውን ለወንድሜ ሰጡት። "አንተ ነህ የምትሠራበት፣ ልጄ፤ ራስህ ምታና ስማው" አሉት። መታው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ያን ሁሉ ሰው መሀል ትከሻውን ይዘው "ባለሙያ ነህ፣ አንገትህን ቀና አድርግ" አሉት። ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ነው። ይሄን ውለታ በምን እንደምከፍል አላውቅም። አባቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

መስፍ፣ ሞርሳም ሆነ ማንኛውንም አሮጌ የብረት ዕቃ የምትገዙ ሁሉ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እሳቸውን አናግሩ። የሚጠይቁት ክፍያ ትንሽ ነው፣ ከነጋዴ ኮሚሽን አይቀበሉም። አስፈቅጃቸዋለሁ፤ ስልካቸውን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ጠዋት ደውሉላቸው፣ ከሰዓት እሳት ላይ ስለሚሆኑ አያነሡም።