ለአሮጌ የሪሞት መኪና ቤልት የሚሠሩልን ጋሼ

ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። የሚኖሩት ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ቶርኖ የሚባለውን የብረት መቅረጫ ማሽን የለመዱት ገና በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ነው። አሜሪካ ከመጡም በኋላ እንጀራቸው ከብረት ሥራ አልተለየም። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ እጃቸው ግን አላረፈም። ጋራዣቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቶርኖ አለቻቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የሠሩልኝ ሥራ ይሄ ነው። የኪዮሾ ኦፕቲማዬን ሰንሰለት አውጥተው በምትኩ ቤልት፣ ማለትም ባለ ጥርስ ቀበቶ፣ ገጠሙላት።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ኦፕቲማ ኪዮሾ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ያወጣት የሪሞት መኪና ናት። ከእውነተኛ መኪና 10 እጥፍ ታንሳለች። በሳጥን ውስጥ ተበታትና ነው የምትመጣው፤ ብሎን በብሎን የሚገጥማት ባለቤቷ ነው። አራቱም ጎማዎቿ ኃይል አላቸው። ሞተሯ ከኋላ ነው። ኃይሉ ወደ ፊት ጎማዎች የሚደርሰው ከሆዷ ሥር በተዘረጋ ቀጭን የብረት ሰንሰለት ነው። ኪዮሾ በ2016 እንደገና አምርቷታል። የእኔዋ ግን የድሮዋ ናት፤ ለዚህም ነው የምሳሳላት።

ሰንሰለት በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። በ1985 ካሊፎርኒያ ዴል ማር ላይ የሪሞት መኪናዎች የዓለም ሻምፒዮና ሲደረግ፣ በአራቱም ጎማ በሚነዱት መኪናዎች ምድብ ያሸነፈችው የዮኮሞ መኪና የምትሄደው በሰንሰለት ነበር። የነዳት ጊል ሎሲ ጁኒየር ነው። በ1987 ውድድሩ እንግሊዝ አገር ሮምሲ ላይ ሲደረግ ግን ጃፓናዊው ማሳሚ ሂሮሳካ ካት በምትባለው የሹማከር መኪና አሸነፈ። ካት ባለ ቤልት ናት። የውድድሩ ዓለም ፊቱን ወደ ቤልት ያዞረው በእነዚያ ዓመታት ነው። ኪዮሾም ራሱ በኋላ ያወጣት ኦፕቲማ ሚድ ባለ ቤልት ሆና መጣች። ስለዚህ የድሮዋን ኦፕቲማ በቤልት መቀየር ከዘመኗ ማውጣት አይደለም። በዘመኗም የተኬደበት መንገድ ነው።

የሰንሰለቱ ችግር ምንድን ነው? አንደኛ ይላላል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በጥቂቱ ሲበላ ጠቅላላ ርዝመቱ ይጨምራል። አሸዋ ከገባበት ደግሞ በፍጥነት ያልቃል። ሁለተኛው ችግር ለዓይን አይታይም። ሰንሰለት በጥርስ ላይ ሲዞር ትክክለኛ ክብ አይሠራም፤ ብዙ ማዕዘን ያለው ቅርጽ ነው የሚሠራው። 10 ጥርስ ባለው ማርሽ ላይ ሲዞር ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ጥርስ ወደ 5 በመቶ ከፍ ዝቅ ይላል። ማርሹ 20 ጥርስ ቢኖረው ልዩነቱ ወደ 1 በመቶ ገደማ ይወርድ ነበር። ግን በትንሽ መኪና ሆድ ውስጥ ትልቅ ማርሽ የት ይገባል? ያ መንቀጥቀጥ ነው ኦፕቲማ ስትሮጥ የምንሰማው የክርክርታ ድምፅ።

ከጋሼ በፊት ከአንድ ሻጭ የተዘጋጀ መቀየሪያ ገዝቼ ነበር። ፑሊዎቹ፣ ማለትም ቤልቱ የሚዞርባቸው ባለ ጥርስ መዘውሮች፣ ፒኤልኤ ከሚባለው ፕላስቲክ በስሪዲ ፕሪንተር የተሠሩ ናቸው። ይህ ፕላስቲክ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። በበጋ፣ ከጋለ ሞተር አጠገብ፣ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይፈጅም። የኋላው ፑሊ ተለስልሶ ዘንጉ ላይ መሽከርከር ጀመረ። ቤልቱም ጥርሱ ተላጨ። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ መልስ አልሰጠኝም። መኪናዋን ሣጥኗ ውስጥ ከትቼ ተውኳት። ከዚያ አንድ ወዳጄ «እኚህን ሰውዬ አናግራቸው እስቲ» አለኝ።

ስደውል ስለ ቤልት ዓይነትና ስለ ዋጋ ልጠይቃቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ጋሼ ገና ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«ቤልቱን ተወውና መጀመሪያ መኪናዋን አምጣት። እኔ ከወረቀት ላይ አልሠራም።»

ወሰድኩላቸው። ሁለቱን የማርሽ ሳጥኖች ፈቱ። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እያዞሩ ሰሟቸው። ሁለቱን «እነዚህ አልቀዋል» ብለው ለብቻ አስቀመጡ። ከዚያ የአሉሚኒየሙን ሻሲ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስተኝተው በሥሩ ብርሃን ፈለጉ። በአንድ በኩል ብርሃን ገባ። ጠማማ ነበር።

«አየህ ልጄ፣ ሰንሰለት ይህን ይታገሳል፤ ቤልት ግን አይታገስም።»

ነገሩ እውነት ነው። ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር ላይ ካልቆሙ ቤልቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ጠርዙን እየበላ ይሄድና አንድ ቀን ይበጠሳል። ሰውም «ቤልቱ ርካሽ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል። ጋሼ መጀመሪያ ሻሲውን አቀኑ። ይህን ያህል የሚያየው ስንቱ ነው?

ቀጥሎ ስሌቱ መጣ። እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ክፍል ነው፤ ታገሱኝ። ቤልቱ ባለ ጥርስ ነው፤ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 3 ሚሊሜትር ያለው። የፊትና የኋላው ፑሊ እኩል ጥርስ ካላቸው፣ የሚያስፈልገው ርዝመት የሁለቱ ዘንጎች ርቀት እጥፍ ሲደመር የአንዱ ፑሊ ዙሪያ ነው። ጋሼ በደንብ እንዲገባኝ ቀለል ያለ ቁጥር ወሰዱ። ርቀቱ 200 ሚሊሜትር፣ ፑሊው ደግሞ 20 ጥርስ ይሁን። 400 ሲደመር 60፣ 460 ሚሊሜትር ይሆናል። ለ3 ሲካፈል 153 ይሆንና ትርፍ ይቀራል። የጥርስ ሲሶ ያለው ቤልት ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

እኔም «ታዲያ ፑሊውን 21 ጥርስ ብናደርገውስ?» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ፑሊው ላይ አንድ ጥርስ ሲጨመር ቤልቱም ላይ ልክ አንድ ጥርስ ይጨመራል። ትርፉ ባለበት ይቀራል። 22ም ብታደርገው፣ 25ም ብታደርገው ያው ነው። የመኪናዋ ዘንጎች ደግሞ የትም አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ ያለው መንገድ ባለ 154 ጥርሱን ወስዶ፣ የሚተርፈውን 2 ሚሊሜትር በማወጠሪያ ሮለር መሳብ ነው። የ2 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው ቤልት በዚያ ርቀት ላይ በልኩ ይገባል። ጋሼ ግን ጥርሱ ትንሽ ስለሆነ መኪናዋ ከዝላይ ስታርፍ የሚመጣውን ምት እንዲሸከም አልፈለጉም።

ማወጠሪያውን የት ማድረግ እንዳለበትም አስበውበታል። መኪናዋ ወደ ፊት ስትነዳ የቤልቱ አንድ ጎን ይወጠራል፣ ሌላው ይላላል። ሮለሩ የሚቀመጠው በላላው ጎን ነው። ፍሬን ሲያዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የላላው ይወጠራል። ማወጠሪያው በሞላ ብቻ የተያዘ ከሆነ ያኔ ይሸሻል፣ ቤልቱም ጥርስ ይዘላል። ስለዚህ ጋሼ በብሎን የሚጠብቅ፣ አንዴ ከተስተካከለ የማይነቃነቅ አደረጉት። የተከሉት ፋብሪካው ራሱ በበሳው ቀዳዳ ላይ ነው። በሻሲው ላይ አንድም አዲስ ቀዳዳ አልከፈቱም። ይህን ሳልጠይቃቸው ነው ያደረጉት። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ፑሊዎቹ አሉሚኒየም ናቸው። ጥርሱ ቀድሞ የወጣለት ዘንግ ይሸጣል። ከዚያ ላይ በልክ ይቆርጡና መሃሉን በቶርኖ ይበሱታል። ቀላል ይመስላል። ጉዳዩ ያለው ግን ቀዳዳው ከጥርሶቹ ጋር አንድ መሃል ላይ መሆኑ ላይ ነው። ትንሽ ከሳተ ፑሊው በዞረ ቁጥር ቤልቱ ይወጠራል፣ ይላላል፣ ይወጠራል። አንዱን ፑሊ ሠርተው፣ በመለኪያ አዙረው አይተው፣ «ይህ አይሆንም» ብለው ጣሉት። ለእኔ ዓይን ምንም አልነበረበትም። ሌላ ሠሩ፤ ለተጣለውም ሳንቲም አልጠየቁኝም።

በመጨረሻ ከሥር ቀጭን ፕላስቲክ ሽፋን ሠሩላት። ቤልት ትልቁ ጠላቱ ጠጠር ነው። አንዲት ጠጠር በቤልቱና በፑሊው መካከል ከገባች ወይ ጥርስ ትሰብራለች ወይ ዘንግ ታጣምማለች።

መኪናዋን ስረከብ አብሮ አንድ ከረጢት ሰጡኝ። የድሮው ሰንሰለት፣ ማርሾቹና ብሎኖቹ ሁሉ ተጠርገውና ዘይት ተቀብተው ገብተውበታል። «አንድ ቀን ወደ ነበረችበት ልመልሳት ብትል አትቸገርም» አሉኝ።

አሁን እንዴት ሆነች? ድምፁ ጠፋ ማለት ይቻላል። የሚሰማው የሞተሩ ጩኸትና ጎማው መሬት ሲቧጥጥ ብቻ ነው። ጋዝ መስጠቴን ሳቆም ቀድሞ ወዲያው ትቆም ነበር፤ አሁን እየተንሸራተተች ትሄዳለች። ሠፈራችን ያለውን ሣር ሜዳ ስታቋርጥ ማየት ያስደስታል። ከቀየርኳት ወዲህ በአቧራም በዝላይም ነድቻታለሁ። ቤልቱ ጥርስ ዘሎ አያውቅም።

ጋሼን የምጠቁማችሁ ግን ሁሉን ለሚፈልግ ሰው አይደለም። ኤሌክትሮኒክስ አይነኩም። ለጥድፊያ ሥራም አይሆኑም፤ ቀኑን እሳቸው ናቸው የሚወስኑት። ዋጋቸውን መጀመሪያ ይናገራሉ፤ በኋላም ያችኑ ነው የሚቀበሉት። ከታተመ ፕላስቲክ ይበልጣል፣ ሥራውን ላየ ግን ተገቢ ነው። መኪናዋ መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ ከሆነ ደግሞ «ሰንሰለቷን አትንካ፣ ገንዘብህንም አታባክን» ብለው ይመልሷችኋል። ይህን ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ብሩሽ የሌለውን ኃይለኛ ሞተር ልግጠምባት ለሚል ሰውም ቁጡ ናቸው። እነዚህ መኪናዎች የተሠሩት 540 ለሚባለው የድሮ ባለ ብሩሽ ሞተርና ለ7.2 ቮልት ባትሪ ነው። ቤልቱ ቢችለው እንኳ አሮጌዎቹ ማርሾች አይችሉትም።

ቤልቱን ከመጠን በላይ አታጥብቁ ይላሉ፤ እኔም እደግመዋለሁ። በጣም የተወጠረ ቤልት ኩሽኔታ ይበላል፣ የባትሪም ኃይል ያባክናል። መሃሉን በጣት ስትጫኑት በቀላሉ መርገብ አለበት።

ኦፕቲማ፣ ጃቨሊን ወይም ሌላ የዚያ ዘመን ባለ ሰንሰለት መኪና ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጋሼን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ መኪናዋን ሙሉዋን ውሰዱ። የተሰበረም ቢሆን ያላችሁን የድሮ ዕቃ ሁሉ ያዙ፣ ከተሰበረው ብዙ ነገር ይለኩበታል። ከሩቅ የሆናችሁ ደግሞ ሁለቱን የማርሽ ሳጥኖች ከነሻሲው በፖስታ መላክ ትችላላችሁ። እሑድ አትደውሉላቸው።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችዎ ያነቡልዎት ይሆናል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ።