ጂቲኤክስ 1650 ወይስ አርኤክስ 580? ያገለገለ ዴስክቶፕ ላላችሁ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎም ከሰበታም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያገለገለ ዴል ሲስተም ዩኒት አለኝ፤ ግራፊክስ ካርድ ልጨምርበት ነው፤ 1650 ይሻለኛል 580?» መልሴ 1650 ነው፣ ያውም ተጨማሪ የፓወር ገመድ የማይፈልገው። 580 በጉልበት እንደሚበልጠው አልክድም። ብዙ ጌሞች ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ሜሞሪውም የ1650 4 ጊጋ ሲሆን የ580 እስከ 8 ጊጋ ይደርሳል። ይህን ግን ሻጩም ይነግራችኋል። የማይነግራችሁ ከካርዱ በኋላ የሚመጣውን ወጪ ነው።

አዲስ ሲወጡ ባለ 8 ጊጋው 580 (እ.ኤ.አ. 2017) 229 ዶላር፣ 1650 (እ.ኤ.አ. 2019) ደግሞ 149 ዶላር ነበሩ። ዛሬ 580 ረከስ ብሎ ቢጠራላችሁ ምክንያት አለው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ቀን ከሌት ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት። በብር ስትከራከሩ የድሮ ዋጋ አትጥሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በዶላር አስቡት፤ ላገለገለ 1650 የእኔ ጣሪያ 100 ዶላር ገደማ ነው፣ በዕለቱ ምንዛሪ።

አሁን የ580ን ሒሳብ ወረቀት ላይ ደምሩ። ካርዱ 185 ዋት ይበላል። የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው፤ ቀሪው በ8 ፒን (ባለ ስምንት ቀዳዳ) ገመድ ከፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ መምጣት አለበት። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ታወር (ትልቁ ኬዝ) ፓወር ሰፕላይ ግን 240 ዋት፣ የትንሹ ኬዝ ደግሞ 180 ዋት ብቻ ነው፤ 8 ፒኑም የለም። ስለዚህ የታመነ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ትገዛላችሁ። የዴል ማዘርቦርድ የተለመደውን የፓወር ሰፕላይ 24 ፒን መሰኪያ ስለማይቀበል አዳፕተር ይጨመራል። ትንሹ ኬዝ ካላችሁ ፓወር ሰፕላዩም ካርዱም አይገቡም። 580 ከ1650 የሚረክስበት ልዩነት ቢያንስ የፓወር ሰፕላዩንና የአዳፕተሩን ዋጋ ካልሸፈነ ርካሽ አይደለም።

«ግድ የለም፣ ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው መሰኪያ) ወደ 8 ፒን የሚቀይር ገመድ አለ» የሚሏችሁን አትስሙ። አንድ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ 8 ፒን እስከ 150 ዋት ይጎትታል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል።

መብራቱም ዋጋ አለው። ዳር ሰፈር ሰዉ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ከፍ ብሎ ይመጣል። ብዙ ቤት ያለው 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው) የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። 580 ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም ከሞኒተሩ ጋር 300 ዋት አካባቢ ስለሚደርስ፣ ባትሪው ትንሽ ካረጀ መብራት በሄደበት ቅጽበት ኮምፒውተሩም ይጠፋል። ከ1650 ጋር ግን ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ለመዝጋት ጊዜ ታገኛላችሁ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋን የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። የግንባታና የጥርጊያ መንገድ አቧራ ሲጨመርበት 185 ዋት የሚያግል ካርድ ቶሎ ይጎዳል።

በብሌንደር (በ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም) ለምትሠሩ ደግሞ ክርክሩ ያለቀ ነው። ከብሌንደር 3.0 ወዲህ ሳይክልስ፣ ማለትም የመጨረሻውን ምስል የሚያወጣው ክፍሉ፣ 580ን አይጠቀምም፤ 1650 ላይ ግን ይሠራል።

ፎርጅዱን እንዴት ትለያላችሁ? ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ ዚ የሚባል ፕሮግራም አስከፍቱ። ትክክለኛ 1650 ካርድ 896 ሼደር (የካርዱ ትንንሽ ማስያ ክፍሎች)፣ ትክክለኛ 580 ካርድ ደግሞ 2304 ሼደር ያሳያል። 2048 ካለ በ580 ስም የሚሸጥ፣ የታናሹ የአርኤክስ 570 አቅም ያለው ነው። «1050 ቲአይ» ብለው የሚያመጡት ውስጡ የድሮው ጂቲኤስ 450 የሆነ፣ ባዮሱ (ካርዱ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ሶፍትዌር) የተቀየረ ካርድም አለ፤ ቪጂኤ (የድሮ ሞኒተር ገመድ) ቀዳዳ ካያችሁበት ተጠራጠሩ። ከዚያ ካርዱን በሙሉ ጉልበት የሚፈትነውን ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም 15 ደቂቃ አስኬዱ። ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ ሜሞሪው ሄዷል። ብሎኖቹ ጥርሳቸው የተበላ፣ በቺፑ ዙሪያ ቦርዱ የጠቆረ ከሆነ ሙቀት ተሰጥቶት የተነሳ ካርድ ነው፤ ለሳምንታት ሠርቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ቢጠገንም ያው ነው። መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ተቀብሎ ሳይሞክሩ ወደ ቤት መሄድ ከሁሉ የከፋ ግዢ ነው።

1650ም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። 6 ፒን የፓወር ገመድ የሚጠይቅ አለ፣ እሱን ተዉት። ኬዛችሁ ትንሹ ከሆነ አጭሩን ሞዴል ከነአጭር ብረቱ (ከኬዙ ጀርባ ከሚታሰረው) ጠይቁ፤ ብረቱ ለብቻው ሲፈለግ አይገኝም። የካርዱ ውፍረት ሁለት ቀዳዳ የሚይዝ ከሆነ ቦታው እንዳለ በማስመሪያ ለኩ።

ገጠማው ቀላል ነው። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ፣ የኬዙን ብረት ንኩ። የኋላ መሸፈኛውን አንሱ፣ ካርዱን በረጅሙ ቀዳዳ ቀጥ አድርጋችሁ ቀጭ እስኪል ግፉ፣ በካቻቪቴ ብሎኑን እሰሩ። ምስል እምቢ ካለ መጀመሪያ ካርዱን ነቅላችሁ መልሱት፤ ብዙውን ጊዜ በደንብ ያልገባ ነው። የሞኒተሩን ገመድ ከማዘርቦርዱ አንስታችሁ ካርዱ ላይ ሰኩ። ሞኒተራችሁ ቪጂኤ ብቻ ካለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል፤ ይህንንም ከዋጋው ጋር ደምሩ። ድራይቨሩ ከግማሽ ጊጋ በላይ ስለሆነ ዳታችሁን አታቃጥሉ፤ ካርዱን ስትሞክሩ እዚያው ሱቅ በፍላሽ አስጭኑ።