ለወንድሜ ይግባኝ ለደከሙልን ጠበቃ ምስጋና

በ2015 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ከሚሠራበት መጋዘን ዕቃ ሰርቀሃል ተብሎ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ዕቃው ጠፋ በተባለበት ሌሊት እናታችንን ሐኪም ቤት ሲያስታምም ማደሩን የኮምቦልቻ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ዳኛው ግን አልሰሙም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ከፍለን የያዝነው የመጀመሪያው ጠበቃ ወንድሜን ያነጋገረው አንድ ጊዜ፣ ያውም ችሎት በር ላይ ቆሞ ነው። በዚያ ሌሊት ከእናታችን አጠገብ ባለው አልጋ እናቷን ስታስታምም ያደረችውን ሴት ስም በእጄ ጽፌ ሰጥቼው ነበር። ተከላከሉ ሲባል «የምናሰማው ምስክር የለንም» ብሎ አስመዘገበ። ወንድሜ የተባለው ሳይገባው ዝም አለ። ያቺን ቀን ሳስብ አሁንም እንባዬ ይመጣል።

የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ የደረስኩት በፍርዱ በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። ሰዎች የጠቆሙኝ ጠበቃ ገና ሳልቀመጥ «ፍርዱ መቼ ተሰጠ?» ብለው ጠየቁኝ። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187 መሠረት ይግባኝ ማለታችንን በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ነበረብን፤ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰን በ30 ቀን ይቀርባል። ማስታወቂያውን በማግስቱ አስገቡልን።

እኔ የመጀመሪያውን ጠበቃ ልከስስ ነበር የሄድኩት። እርሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «እህቴ፣ ጠበቃው ሰነፈ ማለት ብቻውን ፍርድ አያስለውጥም። በስንፍናው ምክንያት ዳኛው ያልሰሙትን ነገር ማሳየት አለብን።» መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ማረሚያ ቤት ሦስት ጊዜ ሄደው ከወንድሜ ጋር ተቀመጡ። የእናቴን የሕክምና ካርድ አስወጡ፣ ያቺን ሴትም ፈልገው አገኟት። በዚሁ ሕግ ቁጥር 194 ተጨማሪ ማስረጃ እንዲሰማ አመለከቱ፤ ማስረጃው መጀመሪያ በፈረደው የሥር ፍርድ ቤት ያልቀረበበትንም ምክንያት ከመዝገቡ እየጠቀሱ አስረዱ።

የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምስክሯን ሰማ፤ ጥፋተኝነቱንም ቅጣቱንም ሽሮ ወንድሜን በነፃ አሰናበተው።

ያሸንፋል ብለው አንድም ቀን ተስፋ አልሰጡኝም፤ ይህን ከሁሉ አብልጬ አከብርላቸዋለሁ። ዋጋቸውን መጀመሪያውኑ ነግረው በየክፍያው ደረሰኝ ሰጡኝ። ወንድሜን ሊጠይቁ ሄደው ጠበቃ ሊያቆም አቅም የሌለው እስረኛ ሲያገኙም አላለፉትም፤ ፍትሕ እንዳይጓደልበት መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት እንዲጠይቅ አስረድተውታል። ለዚህ ማንም አልከፈላቸውም።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩም። ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ሆናችሁ እንደ እኛ የተቸገራችሁ በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የፍርዱን ቀን በትክክል ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።